ብርድ ያልመታው እግር፦ የሐጂ ዘይኑልአቢዲን ሀፊዝ የሕይወት ታሪክ

ለአላህ ምስጋና ይድረሰው። በአርባ ቀን ሰደቃቸው ላይ ለተሰበሰባችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች የአባታችንን የሐጂ ዘይኑልአቢዲን ሀፊዝን የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። ቀብራቸው በደንባችን መሠረት በዕለቱ ስለተፈጸመ ያን ጊዜ ለመጻፍ ፋታ አልነበረም። አርባው ቀን ፋታ ሰጥቶኛል። የእኔን የበኩር ልጃቸውን የፈትሂያን ንዴት ግን አላበረደውም፤ ይህንን ከአሁኑ ማወቅ መልካም ነው።

ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ከአባታቸው ከአቶ ሀፊዝ አብዱረህማንና ከእናታቸው ከወይዘሮ መርየም በሚያዝያ ወር 1950 ዓ.ም. በደሴ ከተማ፣ ሸዋበር በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። የአባታቸው አያት ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ ነጋዴ ሲሆኑ፣ እናታቸው ከቢስቲማ ገበሬዎች ወገን ነበሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሼህ ዘንድ ቁርኣን ቀርተው፣ ከዚያም በከተማው ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። በ1968 ዓ.ም. አባታቸው ዓይናቸው ስለደከመ ትምህርታቸውን አቋርጠው ፒያሳ ያለውን የብትን ጨርቅ ሱቅ ተረከቡ።

በጨርቅ ንግድ የኖረ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ጨርቅ ሲለካ ትንሽ ወጠር ከተደረገ ከሦስት ሜትሩ ላይ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት ለባለሱቁ ይተርፋል። አባታችን በአርባ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ወጥረው አልለኩም። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ በመዳፋቸው ደልድለው፣ እንደተኛ ይለኩት ነበር። የደሴ ልብስ ሰፊዎች ከእርሳቸው ሱቅ የመጣ ጨርቅ አያንስም ይሉ እንደነበር ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ ሰፊዎች ምስክር ናችሁ።

በ1974 ዓ.ም. የገራዶ ተወላጅ ከሆኑት ከወይዘሮ ሱልጣና ጋር በኒካሕ ተጋብተው እኔን፣ ሁዘይፋንና ዚክራን ወለዱ። በ1999 ዓ.ም. የሐጅ ግዴታቸውን ፈጽመዋል። ከሐጅ ሲመለሱ ሲጋራ ያቆማሉ ተብሎ ተጠብቆ ነበር። እርሳቸው ግን ከወጣትነታቸው ጀምሮ የለመዱትን በቀን አንድ ፓኬት ቀጠሉ። ጥሩ ሰው ነበሩ ብዬ ስጽፍ ይህን መዝለል አልፈልግም፤ የሚዘልሉ ሰዎችን በዚህ ሦስት ዓመት ጠግቤያለሁ።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሱቃቸው ተዘርፎ መደርደሪያው ባዶውን ቀረ። በአራት ወር ውስጥ እንደገና ከፈቱት። በዚያው ዓመት ግንቦት 11 ቀን፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ለአንዲት ደንበኛ የመጋረጃ ጨርቅ ሲቆርጡ መቀሱ በእጃቸው ላይ ዞረና ጨርቁ አግድም ተበላ። ደንበኛዋ ወይዘሮ እስከዳር ናቸው። «ሐጂ፣ ምነው ዛሬ ጠመመብዎ?» ሲሏቸው መልስ ለመስጠት ሞክረው አፋቸው ወደ አንድ በኩል ሄደ። ቀኝ እጃቸውም ወደቀ።

እንግዲህ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዱ ዘንድ የሚገባው በዚያች ደቂቃ ነበር። የተደረገው ግን ሌላ ነው። የሱቅ ጎረቤቶች ተሰብስበው «ነፋስ ነው የመታቸው» ብለው ፈረዱ። አንዱ ቅባት አመጣ፣ አንዱ ጋቢ አመጣ፣ ሌላው ደግሞ በሩን ዘግቶ ነፋሱ እንዳይደገም ጠበቀ። ሐኪም ቤት የደረሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እነዚያ አራት ሰዓታት የማን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ በስም አልጠራቸውም፤ ቅባቱን ያመጣው ሰው ግን ቅባቱን እስከ ዛሬ ያመሰግናል።

ሕመሙ ስትሮክ ነበር። ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ቧንቧ ተዘግቶ ነው። የተከታተሏቸው ዶክተር እንየው አንገታቸውን በአልትራሳውንድ አይተው፣ ቧንቧው ከውስጥ በስብ እየተሞላ እንደጠበበ ነገሩን። ደም ማቅጠኛ፣ የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት አዘዙ። ሲጋራውን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉ አሉ። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ መሆኑንም ሁለት ጊዜ ተናገሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ እኔ ሰምቻለሁ።

አባታችን በሦስት ወራቸው በእግራቸው ቆሙ፣ ንግግራቸው ተመለሰ፣ በአራተኛው ወር መቀስ ያዙ። ያን ጊዜ ነው ያ ቃል የመጣው። «ዳኑ!» ተባለ። በሬ ታርዶ የምስጋና ሰደቃ ተደረገ። ከቤታችን እስከ ፒያሳ ያገኛቸው ሁሉ «ማሻአላህ፣ ፍጹም ድነዋል» ይላቸው ነበር። በሽታው በአንገታቸው፣ በልባቸውና በእግራቸው ቧንቧ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሀገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ስለ መዳናቸው ሥጋ በላ። እኔም በልቻለሁ።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አዲስ ነገር ታየ። አባታችን ከፒያሳ ወደ ሸዋበር ዳገቱን ሲወጡ መንገድ ላይ መቆም ጀመሩ። መቶ እርምጃ ሄደው ይቆማሉ፣ ደቂቃ ቆይተው ይሄዳሉ፣ ደግሞ ይቆማሉ። ሲቆሙም ዝም ብለው አይቆሙም፤ አጠገባቸው ያገኙትን ሰው ሰላም ይላሉ። የወሎ ሰላምታ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አማቾቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቀው እስኪጨርሱ ባታቸው ውስጥ የነበረው ሕመም ይለቃቸዋል። ከዚያ «በሉ፣ ሰላም ዋሉ» ብለው ይቀጥላሉ።

ከተማው ይህንን እንዴት እንደተረጎመው ልንገራችሁ። «ሐጂ ከታመሙ ወዲህ ሰው አክባሪ ሆኑ» ተባለ። አንድ የመስጊድ ሰው እናቴ ዘንድ መጥተው በሽታው እንዴት ልባቸውን እንዳለሰለሰው መሰከሩ። በሕይወታቸው ሙሉ ሰው አክብረው የኖሩ ሰው፣ ደም ያጣ እግራቸውን ሲያሳርፉ ጊዜ አዲስ አክባሪ ተባሉ።

ሕመሙን መጀመሪያ የነገሩት ለታናሽ ወንድማቸው ለአጎቴ ለባሽር ሀፊዝ ነው። አጎቴ ባሽር በመኪና መለዋወጫ ንግድ የታወቁ ናቸው። በሕክምና አዋቂነት ግን የሚያውቋቸው ራሳቸው ብቻ ናቸው። የወንድማቸውን እግር በእጃቸው ነካ አድርገው፣ ቀዝቃዛ መሆኑን ሲያዩ ነገሩን ጨረሱት። «አብሽር ዘይኑዬ፣ ወላሂ ብርድ ነው። የደሴ ብርድ አጥንትህ ገብቷል» አሏቸው። እኔ ዶክተር እንየው ይዩት ስል «እሱ የራስ ሐኪም ነው። ስትሮክ የራስ፣ ይሄ የእግር፤ ምን አገናኘው?» አሉኝ። መለዋወጫ እንደሚሸጡበት መደርደሪያ የሰውም ገላ በየክፍሉ የተለየ መስሏቸው ነበር።

እግሩ ቀዝቃዛ የሆነው ደም ስላልደረሰው ነው። ይህንን ዛሬ አውቃለሁ።

የካቲት 2015 ላይ አጎቴ አባታችንን «ለሙከራ» ብለው ኮምቦልቻ ወሰዷቸው። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰው፣ ከመኪና ወርደው፣ ዋናውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር አብረው ሄዱ። አባታችን አንድ ጊዜ እንኳ አልቆሙም። አጎቴ ባሽር ከዚያው ስልክ ደውለው «ይኸውልሽ! ኮምቦልቻ ሲወርድ ለቀቀው። ብርድ ነው አላልኩም?» ሲሉ ድምፃቸው እስከ ጎረቤት ይሰማ ነበር። በወሩ ቤት ተከራዩላቸው። አባታችንና እናታችን ወረዱ። ሱቁን ሁዘይፋ ያዘ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መጻፍ አለብኝ። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ የደሴንና የኮምቦልቻን ከፍታ እየጻፍኩ፣ ከፍታ ሲጨምር ሙቀት ይቀንሳል እያልኩ አስተምሬያለሁ። ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ይህንኑ አስረዳሁ። ኮምቦልቻ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ በዚያው መጠን ይሞቃል፤ ስለዚህ የአጎቴ ሐሳብ ሳይንሳዊ መሠረት አለው ብዬ ደመደምኩ። ደሴ ዳገት መሆኑን፣ ኮምቦልቻ ሜዳ መሆኑን፣ ዳገት የሚወጣ እግር ከሜዳ ይልቅ ብዙ ደም እንደሚጠይቅ አላሰብኩም። የከፍታ መስመር እንዲያነቡ ልጆችን እፈትናለሁ፤ ከአባቴ እግር ሥር ያለውን ዳገት ግን ማንበብ አልቻልኩም። በአጎቴ ግምት ላይ ዲግሪዬን ያተምኩበት እኔ ነኝ። በዚህ ጽሑፍ የምነቅፈው ሰው ቢቆጠር ከፊት ረድፍ ላይ እኔ አለሁ።

ኮምቦልቻ ላይ አባታችን ደስ ብሏቸው ኖሩ። እግራቸው በሜዳው አያማቸውም። ብርድ ከሆነ ደግሞ መድኃኒት ምን ይሠራል ተባለና የኮሌስትሮሉ መድኃኒት መጀመሪያ ቆመ፤ ቀጥሎ ደም ማቅጠኛው። የግፊቱን ራሳቸውን ባመማቸው ቀን ብቻ ይውጡት ነበር። ሲጋራውም ተመለሰ፤ የዶክተሩ ክልከላ ሐረጎን አብሯቸው አልወረደም። እናቴ ወይዘሮ ሱልጣና ስትጨቃጨቅ «አንቺ ደግሞ፣ የዳነ ሰው ታክሚያለሽ?» ይሏት ነበር። እናቴ እህል ውስጥ መድኃኒት ፈጭታ ለመጨመር አስባ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ከመካከላችን በሽታው እንዳልሄደ የጠረጠረች እርሷ ብቻ ነበረች፤ ፊደል ስላልቆጠረች የጠየቃት አልነበረም።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. አባታችን ተቀምጠውም እግራቸው ይቀዘቅዛል ማለት ጀመሩ። አጎቴ ባሽር ከደሴ ወርደው የሱፍ ካልሲና መዘፍዘፊያ ገዝተው መጡ። ውሃ ተፈልቶ ጨው ተጨመረበትና የአባታችን እግር ገባበት። ደም የማይደርሰው እግር ሙቀቱን በደንብ አይለይም። «ይሞቃል?» ሲባሉ «ደህና ነው» አሉ። እግራቸው ሲወጣ አውራ ጣታቸው ውኃ ቋጥሮ ነበር። በኮምቦልቻ ሙቀት፣ በመጋቢት፣ ብርድን ለማባረር አንድ ሰው እግሩ ተቀቀለ።

ቁስሉ ሳምንት ቢጠበቅ አልደረቀም፤ ወር ቢጠበቅ ጠቆረ። ያን ጊዜ ማንንም ሳላስፈቅድ አባቴን መኪና ላይ አውጥቼ ዶክተር እንየው ዘንድ ወሰድኳቸው። ዶክተሩ ቁስሉን አይተው ብዙ አልቆዩም። ጣታቸውን በእግራቸው ጀርባ ላይ አሳርፈው ትርታ ፈለጉ። አጡ። ከቁርጭምጭሚታቸው ኋላ ፈለጉ፤ አጡ። የክንዳቸውን ግፊት ለኩ፦ መቶ ሃምሳ። የቁርጭምጭሚታቸውን ለኩ፦ ስድሳ አምስት፤ በጤነኛ ሰው ሁለቱ ይቀራረባሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ስበው ከፊታቸው ተቀመጡ።

«ሐጂ፣ ሕመሙ አንድ ነው» አሏቸው። «አንገት ላይ ያለው ቧንቧ ሲዘጋ ስትሮክ አልነው፤ እግር ላይ ሲጠብ ብርድ አላችሁት፤ ልብ ላይ ደግሞ አለ ብዬ እፈራለሁ። ስትሮክ አግኝቶት የእግሩም ቧንቧ የጠበበ ሰው፣ ስትሮክ ብቻ ካገኘው ሰው ይልቅ ዕድሜው ያጥራል። ብዙ ጊዜም የሚወስደው ልብ ነው። ሲቆሙ መንገር ነበረብዎ። በዚያን ጊዜ ብንይዘው ሌላ ነበር።»

አባታችን ቁስላቸውን አዩ። «አሁንስ ዘገየሁ?» ሲሉ ጠየቁ። ዶክተር እንየው ሊያባብሏቸው አልፈለጉም። «ዘግይተዋል። አልቋል ግን አላልኩም» አሏቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አባቴን እንደ ትልቅ ሰው ያነጋገራቸው የመጀመሪያው ሰው እኚህ ሐኪም ናቸው።

ሐጂ ዘይኑልአቢዲን በዚያው ቀን ሲጋራቸውን ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ጣሉ፤ ዳግመኛ አልነኩም። መድኃኒታቸውን ሳያዛንፉ ጀመሩ። ቁስሉ በብዙ ጥረት ሰኔ ላይ ደረቀ። ዶክተሩ በየቀኑ እንዲራመዱ፣ ሲያማቸው እንዲቆሙ፣ ሲለቃቸው እንዲቀጥሉ ስላዘዟቸው «እንግዲያው ሜዳ ላይ ምን አለኝ» ብለው ወደ ደሴ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን አምስት ወራት በዓይኔ አይቻለሁ። ዳገቱን በቀን ሁለቴ ይወጡ ነበር። ሲያማቸው መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሰው ሰላምታ የፈለጉት መስሎት ሲጠጋ «ወላሂ ሰላም ልልህ አይደለም፣ እግሬ ደም አጥሮት ነው። አንተስ ዳገት ላይ ባትህን ያምሃል?» ይሉታል። «አዎ» ያለ ሰው ከእጃቸው አያመልጥም፤ ክንዱን ይዘው ሐኪም ቤት ያደርሱት ነበር። ሦስት ሰው እንደዚህ አድርሰዋል። አንዱ አቶ ጸጋው ልብስ ሰፊው ናቸው፤ እዚህ አሉ፣ መድኃኒት ላይ ናቸው። አባታችን ራሳቸው ሳይቆሙ ከሚሄዱት መቶ እርምጃ ተነስተው ሁለት መቶ ሰማንያ ደርሰው ነበር። እኔ እቆጥርላቸው ነበር። እንደዚያ የተደሰትኩበት ቁጥር በሕይወቴ የለም፤ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ደግሞ በየዕለቱ እናደድ ነበር።

ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. የዙህርን ሶላት ሰግደው ከምንጣፉ ሲነሱ ደረታቸውን ያዙ። በዚህ ጊዜ ቅባት ያመጣ አልነበረም፤ ሁዘይፋ በስምንት ደቂቃ ሐኪም ቤት አደረሳቸው። ልባቸው ግን አልጠበቀም። ከስትሮኩ በኋላ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ኖረው፣ በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ተመልሰዋል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። በዚያው ቀን ከዓስር በኋላ ቀብራቸው ተፈጽሟል። ለቅሶ ቤት የመጣው ሰው ሁሉ «ድነው አልነበረም እንዴ?» ይለን ነበር። አልዳኑም ነበር። ተርፈው ነበር። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ሰው መሞት አልነበረበትም።

ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሱልጣናን፣ ሦስት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ወንድማቸውን አቶ ባሽር ሀፊዝን ትተው አልፈዋል። መጨረሻ ላይ ስለጠራሁት ሰው አንድ ነገር ይቀራል።

በቤተሰባችን የሟችን ታሪክ በጉባኤ የሚያነበው የቅርብ ወንድም ነው። ስለዚህ ይህንን ጽሑፍ ጨርሼ ለአጎቴ ባሽር ሰጠኋቸው። ስማቸው ያለበትን ሁሉ እንደሚሰርዙ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ለጠቡም ተዘጋጅቼ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው እስከ «እግሩ ተቀቀለ» ድረስ አነበቡና ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ግራ ባታቸውን እያሹ «ፈትሂያ፣ እኔም ዳገቱ ላይ መቆም ከጀመርኩ ዓመት አለፈኝ» አሉኝ።

ሰኞ ዕለት ዶክተር እንየው ዘንድ ሄድን። የዶክተሩ ጣት ትርታ ፍለጋ አጎቴ እግር ላይ ቆየ። ቀኙ ላይ አለ። ግራው ላይ የለም። መድኃኒት ጀምረዋል። ስንወጣ ስለ ጽሑፉ ጠየቅኋቸው፤ ስምዎትን ላውጣው፣ «አንድ ዘመድ» ልበል አልኳቸው። «አንዲት ቃል እንዳታወጪ» አሉኝ። «ወንድሜን ከሐኪም ያዘገየሁት በእጄ ነው። በአፌ ልናገረው።»

እስከዚህ ድረስ ያነበቡላችሁ እርሳቸው ናቸው።

አላህ የሐጂ ዘይኑልአቢዲንን ቀብር ያስፋላቸው፣ ያብራላቸው፣ በጀነት ያለ ድካም የሚሄዱበት ያድርጋቸው። ለእናታችን ሶብር ይስጣት። ለአጎቴ ለባሽርም ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ ይህንን ዱዓ እርሳቸው ስለ ራሳቸው ማንበብ ስለሚከብዳቸው፣ እናንተ ጮክ ብላችሁ አሚን በሉላቸው።